ውሃ እስኪመጣ

ሰው ባዶ እጁን በሩ ላይ ቆሞ አላፊ አግዳሚውን ቢያይ ስም ይወጣለታል። ሥራ ፈት ይባላል፣ ወሬ ለቃሚ ይባላል፤ ሲብስም «ምስኪን፣ ሰው ናፍቆት ነው» ይሉታል፤ ይኼኛው ከሁሉም ይከፋል። የውሃ ጎማ ይዞ የቆመን ሰው ግን ማንም ምንም አይለውም። ሥራ ላይ ነዋ!

ሹፌሩ ይህን ያወቀው ሚስቱ በሞተች በሦስተኛው ወር ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቷል። በቀን ስንቱ ሰው «እንደምን አደርክ»፣ «ወራጅ አለ»፣ «ኧረ በሩን!» ሲለው ኖሮ ጡረታ ወጣ። ጡረታው እንኳ ደህና ነበር፣ ቤት ውስጥ የምታዋራው ሚስት ነበረችው። እሷ ስትሄድ ቤቱ ጭር አለ። አንድ ቀን ማንቆርቆሪያው ሲንጣጣ «መጣሁ፣ መጣሁ» ብሎ ሲመልስለት የራሱን ድምፅ ሰማና ደነገጠ።

ከቤቱ ፊት ያለችውን ግቢ ያለማችው እሷ ናት። ድንጋዩን ለቅማ፣ አፈሩን ነፍታ፣ ሳሩን እፍኝ በእፍኝ ተከለችው፤ በአጥሩ ሥርም ጽጌረዳ ደረደረች። ሆስፒታል ተኝታ የተናዘዘችው ስለ ቤትም ስለ ንብረትም አልነበረም። «ሳሬን አደራ» አለችው። እሱም «አይዞሽ» አላት። አይዞሽ ማለት ቀላል ነው። ስለ ሳር የሚያውቀው ነገር ቢኖር ቢጫ ከሆነ ጠምቶታል ማለት ነው፣ አለቀ።

እናም በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጎማውን እየጎተተ ይወጣል። አሥራ አንድ ሰዓት ያለ ምክንያት አልተመረጠም፤ ሁለት ቤት አልፋ የምትኖረው ነርስ ከሥራ የምትመለሰው ያኔ ነው።

«ጋሼ፣ ግቢው እንዴት አምሮበታል!»

«ምን ያምርበታል፣ ውሃ ብቻ ነው። እግርሽ እንዴት ዋለ?»

«እግሬማ ዛሬ የኔም አይደል!»

ከዚያ መርፌ ፈርቶ አልጋ ሥር ስለገባው ጎረምሳ ትነግረዋለች፣ እሱም ስለ ድሮ ተሳፋሪዎቹ ይነግራታል። አምስት ደቂቃ ቢሞላ ነው። ሹፌሩ ግን ቀኑን ሙሉ የሚያወራላትን ሲመርጥ ይውላል። ሁለት ወሬ ካገኘ አንዱን ለነገ ያስቀምጣል፣ ነገ ባዶ እንዳይሆን።

ሳሩ ቢጫ መሆን የጀመረው በዚህ መሃል ነው። ጠማው ብሎ ውሃ ጨመረ። ባሰበት። ደግሞ ጨመረ። ቢጫው እስከ ጽጌረዳዎቹ ሲደርስ ጨነቀውና መንገዱ ማዶ ያለውን ችግኝ ሻጭ ጠርቶ አመጣው።

ችግኝ ሻጩ ወሬ አላበዛም። ቢላዋ አውጥቶ ከሳሩ ቁራጭ አነሳና አሸተተው፤ ከዚያ ለሹፌሩ አፍንጫ አስጠጋለት። ይሸታል።

«በሳምንት ስንቴ ያጠጣሉ?»

«ምን ስንቴ! በየቀኑ ነው እንጂ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን» አለ ሹፌሩ፣ ኮራ ብሎ።

«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል አልሰሙም? ይኼ ሳር አልጠማውም ጋሼ፣ ሰጥሟል። ሥሩ በስብሷል። ከእንግዲህ በሳምንት ሁለቴ፣ በማለዳ፣ ውሃው ስንዝር ያህል እስኪወርድ ያጥግቡት። ከዚያ ይተዉት፣ ይድረቅ፤ ሥሩ ራሱ ውሃ ፍለጋ ወደ ታች ይወርዳል። አመሻሽ ላይ ካጠጡት ግን ውሃው ቅጠሉ ላይ ያድርና ያሻግተዋል።»

«አመሻሽ ላይ ትንሽ ባርከፈክፍስ?»

«ትንሽም!»

«ለጽጌረዳው ብቻ?»

«ለጽጌረዳውም!»

ችግኝ ሻጩ ብዙ ደንበኛ አይቷል፤ ሥራ ሲቀልለት እንዲህ የሚከፋው ሰው ግን አላጋጠመውም።

ሹፌሩ ያን ቀን ደረጃው ላይ ተቀምጦ ቆየ። ጎማውን ካነሳ አደራ በላ ነው፤ የሚስቱን ሳር በገዛ እጁ መግደሉ ነው። ካላነሳ ደግሞ አምስቱ ደቂቃ ቀረ። ወጥቶ እንዲያው ዝም ብሎ ቢቆምስ? ምን ብሎ! የሰው ፊት ለማኝ መሆን አሳፈረው። በመጨረሻ አደራው አሸነፈ።

ማለዳ ላይ ማጠጣት ጀመረ። ነርሷ በዚያ ሰዓት ሄዳለች፤ የቀረው ሰው ሁሉ የሚያሳድዱት ይመስል ይሮጣል፣ ቀና ብሎ የሚያየው የለም። አመሻሽ ላይ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ ኮቴዋን ያዳምጣል። በሩ ጋ ስትደርስ ቀስ ትላለች። ከዚያ ትሄዳለች።

በሦስተኛው ሳምንት ከቢጫው መሃል አረንጓዴ ብቅ ብቅ አለ። ሹፌሩ ተንበርክኮ በጣቱ ነካው። ደስታው ከልቡ ነበር፤ ቤት ገብቶም «ሳርሽ ዳነ» አለ። የሰማው ወንበሩ ነው። ያኔ እንባው መጣ፣ የምሥራች የሚነግሩት ሰው ማጣት እንዲህ ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ቧንቧውን ሳይከፍት ጎማውን ይዞ ወጣ። የጎማውን አፍ ወደ ሳሩ አዙሮ ቆመ።

«ጋሼ! ደህና ነዎት? ጠፉ እኮ!»

«አለሁ፣ አለሁ።»

ነርሷ ጎማውን አየች። ጠብ የሚል ነገር የለም። «ውሃ ሄደ እንዴ?»

«ሄደ» አለ ሹፌሩ፣ ፈጠን ብሎ።

ከፊት ለፊት ጎረቤቱ መኪናውን እያጠበ ነበር። ውሃው የመንገዱን ጠርዝ ይዞ ወረደ፣ ወረደና ከነርሷ ጫማ ሥር ደረሰ። እሷም ውሃውን አየች፣ ጎማውን አየች፣ እሱን አየች። ሹፌሩ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ነርሷ እግሯን ከውሃው አነሳችና ቦርሳዋን አጥሩ ላይ አስቀመጠች።

«ይመጣል» አለች ተደግፋ። «እስኪመጣ አብሬዎት ልጠብቅ። እኔንስ ቤት ማን ይጠብቀኛል?»

ሹፌሩ ጎማውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። የሦስት ሳምንት ወሬ አጠራቅሞ ነበር፤ ከየቱ እንደሚጀምር ጠፋው።