ከኋላ አንድ እጅ አያለሁ

ስሚኝማ የኔ ቆንጆ፣ የጵርስቅላን ጉድ ሳልነግርሽ አልውልም። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ፣ የዩኒቨርሲቲ ምደባ እየጠበቀች ቤት ውስጥ ስትንገላወድ የከረመችው ጵርስቅላ፣ ባንድ ጠዋት የነጋዴዎች አሰልጣኝ ሆና አረፈችው!

ነገሩ እንዲህ ነው። የአክስቷ ልጅ ሰላማዊት የድርጅት ባለቤቶችን ትሰበስብና፣ «ዝናቡ ቀርቷል፣ አገሩ እየታመሰ ነው፣ እናንተ ግን አሁንም ማደግ ማደግ ትላላችሁ። እስቲ ግባችሁን እንደገና እዩት» እያለች ታሰለጥናለች። በ2008ቱ ድርቅ ጊዜ ነው እንግዲህ። ጵርስቅላን የወሰደቻት ማርከር እንድታቀብል ነው። ቀኑ ካማረ ልትቀጥራት ቃል ገብታላታለች። እሷ ደግሞ ሥራውን እንዴት እንደፈለገችው! ለታክሲ እንኳ እናቷን መለመን ሰልችቷታል።

እንጦጦ መውጫ ላይ ባለው አዳራሽ ሰው ገብቶ ቁጭ ብሏል፤ ሰላማዊት የለችም። ስልክ ጮኸ። «መኪናው ቀበና ላይ ቆመብኝ! እስክደርስ ያዢያቸው፣ እንዳይሄዱብኝ!» ኔትወርኩ ድርግም።

በምን ትያዛቸው? ጵርስቅላ በሕይወቷ ሰው ፊት የቆመችው በቤተ ክርስቲያናቸው የወጣቶች ኮንፍረንስ ላይ ብቻ ነው። እና የምታውቀውን አደረገች።

«እባካችሁ ሁላችሁም ዓይናችሁን ጨፍኑ» አለች፣ ድምጿን ለስለስ አድርጋ። «ቧንቧው ደርቋል። ጎረቤት ከጎረቤት ጀሪካን ይዞ ይጣላል። ዛሬ ግቡን ሊለውጥ የወሰነ፣ ባለበት እጁን ያንሳ። ማንም አያይም።»

አንድ እጅ ወጣ።

«ተባረኩ! ከኋላ አንድ እጅ አያለሁ! ሌላስ?» ወይኔ አፏ! አንዴ ከጀመረ መቼ ይቆማል?

«ልጄ» አሉ ጭራሽ ዓይናቸውን ያልጨፈኑት አቶ ዓምደ ሚካኤል፣ ውሃ አሽጎ የሚሸጥ ፋብሪካ ያላቸው ሰውዬ፣ «ጴንጤ ልታደርጊን ነው እንዴ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እጃቸውን ያነሱት አጣና ነጋዴው አቶ ኤጀታ ነበሩ። ምን እንደወሰኑ ስትጠይቃቸው አፈሩ። «ኧረ ምንም። እኔ በየኮንፍረንሱ አነሳለሁ፤ ሰባኪው እንዳይከፋው።»

ጵርስቅላ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ሥራው በቃ፣ ሄደ። አቶ ዓምደ ሚካኤል ግን አለቀቋትም።

«እሺ፣ የጉድጓዴ ውሃ ዘንድሮ ወርዷል። ፋብሪካውን ላስፋፋ እያልኩ ነበር። ልተው? ሠራተኞቼን ምን ልበላቸው?»

ሰባኪ ቢሆን መልስ አያጣም። እሷ ግን፣ «አላውቅም ጋሼ» አለች። «እኔ የት እንደምመደብ እንኳ አላውቅም።»

«ይቺስ አልዋሸችም!» አሉ ላቫጆ ያላቸው ወይዘሮ አስያ። ወዲያው ወደ አቶ ዓምደ ሚካኤል ዞሩ። «ቆይ፣ ጉድጓዳችን ጎን ለጎን አይደል? ያንተ ሲወርድ የኔስ የት የሄደ መሰለህ? እኔም ሁለተኛ ጉድጓድ ላስቆፍር ነበር እኮ!»

«ታዲያ የኔን ልትጠጪው?»

«መኪና ላጥብበት ነዋ!»

ሰላማዊት ላብ በላብ ሆና ስትደርስ ሁለቱ ወንበር አዙረው ይጨቃጨቃሉ፣ አቶ ኤጀታ ይገላግላሉ፣ ሌላው ከዚህም ከዚያም ሐሳብ ያዋጣል። አንድም የሄደ ሰው የለም። ለምሳ ሲነሱ ወይዘሮ አስያ፣ «እሺ፣ ቁፋሮዬ ለዘንድሮ ይቅር። አንተም ማስፋፋትህን አቆየው» አሉ። አቶ ዓምደ ሚካኤል «አስብበታለሁ» አሉ። በቃ ይኸው ነው። ጵርስቅላ ግን በልቧ አጨበጨበች፣ ለራሷ።

ሰላማዊት ጥግ ወሰደቻት። «ቅዳሜ ሌላ ቡድን አለ። ተቀጥረሻል። ግን ሰው ዓይን ካስጨፈንሽ፣ ወየውልሽ!»

ጵርስቅላ ቁልቁል ወደ የካ በእግሯ እየወረደች ለጓደኛዋ ለሰርክ ደወለች። ሁሉንም ዘከዘከችላት፤ ጨማምራ፣ ዓለምን ብቻዋን ያዳነች አስመስላ። ሰርክ ሰምታ ሰምታ ምን አለቻት መሰለሽ? ቃል በቃል ልንገርሽ፦

«ጎበዝ! ዓለም ቅዳሜን ካለፈች ደውዪልኝ፤ ካላለፈች ግን ካርድሽን አታባክኚ።»