ሽቦውን ነቅሎ የጣለው ወታደር

ጋዜጠኛዋ ቤቴ መጥታ ከእኔ የጠየቀችው ነገር ቢኖር የስልኳን ቻርጀር የምትሰካበትን ቦታ ነው። "ማዘር፣ ሶኬት አለ?" አለችኝ። አለ አልኳት። ከዚያ በኋላ ዞራም አላየችኝ። ከታናሹ ልጄ ጋር ሶፋዬ ላይ ጉብ ብላ፣ የመጽሐፉ ባለሽቦ ወታደር ከየት መጣ፣ እንዴት ታሰበ፣ ማን ረዳህ እያለች ስታደርቀው አረፈደች። እሱም እግሩን አጣምሮ፣ ከምናቤ ነው አላት። ምናቡ፣ ታላቅ ወንድሙ፣ ጓዳ ውስጥ ተኝቶ ያንኮራፋ ነበር። እኔ ደግሞ እዚያው በሩ ጋ ተቀምጬ የፍራሽ ጨርቅ እሰፋለሁ። ስለ ሁለታችን አንዲት ቃል ከአፉ አልወጣችም።

ፊደል ያልቆጠረች ሴት ስለ መጽሐፍ ምን ታውቃለች ብለው ነው። ይበሉ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ፍራሽ ስሰፋ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የማላነበውን አነባለሁ ብዬ አላውቅም። ግን ያ መጽሐፍ የወጣው ከእኔ ቤት ነው፣ ከእኔ ልጅ ደረት ነው፤ አንድም ገጽ እኔ ሳላየው አልወጣም። ስለዚህ የሆነውን ደግሞ እኔ ልናገር። እነሱ በቴሌቪዥን እስኪበቃቸው ተናግረዋል።

ታላቁ ልጄ ወታደር ነበር። ጭንቅላቱን ተመትቶ መጣልኝ። ቁስሉ ሲድን እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ መንቀጥቀጥ ስላችሁ የብርድ ዓይነት እንዳይመስላችሁ። ማንኪያው አፉ ሳይደርስ ሾርባውን ግድግዳው ይጠጣው ነበር። ቁልፍ መቆለፍ፣ ኩባያ መያዝ፣ የደረጃውን መደገፊያ መጨበጥ ሁሉ ጠፋበት። በኋላ ሐኪሞቹ ከደረቱ ቆዳ ሥር የክብሪት ቀፎ የምታክል ማሽን ቀበሩለት። ከእሷ የሚነሳው ሽቦ በአንገቱ ሽቅብ ወጥቶ ጭንቅላቱ ውስጥ ይገባል። ማሽኗ ስትሠራ እጁ ይረጋል። ማብሪያና ማጥፊያ ያላት ትንሽ ሪሞትም ሰጡት። የሰፈር ሰው "ባትሪ" ብሎ ስም አወጣለት። መጀመሪያ ያለውን ሰውዬ የስድብ መዓት አወረድኩበት፤ ልጄ ግን ስሙን ወዶት ባትሪ ሲሉት አቤት ይል ጀመር።

እጁ ቢረጋም ሥራውን ረስቶ ነበር። ታናሹ የገባው እዚህ ላይ ነው። ይሄኛው ከሕፃንነቱ እርሳስ ከእጁ አይለይም። የፍራሽ መጠቅለያ ካርቶን እየቀደደ ይስልለት ጀመር፤ አውራ ጣት እዚህ፣ ሌባ ጣት እዚያ፣ ቁልፏ በቀዳዳዋ እንዲህ ትገባለች። እሱን መስታወቱ አጠገብ ለጠፈው። የኩባያውን መደርደሪያው ላይ፣ የደረጃውን ደረጃው ራስ ላይ። ታላቁ ሥዕሉን ያያል፣ እጁን ያያል፣ እንደ ሥዕሉ ያደርጋል። ሐኪሙ በቃል ሲነግረው ግራ የሚገባው ሰው፣ ወንድሙ ከሳለለት ወዲያው ይይዛታል። ቤታችን ሥዕል እንጂ ግድግዳ አልነበረውም ማለት ይቻላል።

አንድ ቀን ታናሹ ለቀልድ ብሎ ሥዕሉ ላይ በኩባያው ፈንታ የጭነት መኪና አስያዘው። ታላቁ አይቶ በሳቅ ፈረሰ። ሌላ ሳለለት፣ ደግሞ ሌላ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ መጽሐፍ ሆነ። ደረቱ ውስጥ ማሽን የተቀበረለት ወታደር፤ በጨለማ የሚያይ፣ ግንብ በጡጫ የሚያፈርስ፣ ውጊያውን ጨርሶ ሲመጣ ግን በርጩማ ላይ ተቀምጦ እንደ ማንም ሰው ማሽኑን ቻርጅ የሚያደርግ። ጽሑፉ ጥቂት ነው። ታናሹ አንዱን ገጽ ሲጨርስ እኔ ፊት ያስቀምጥና፣ ይሄ ሰውዬ ምን እያደረገ ነው ይለኛል። በትክክል ከነገርኩት ያልፋል፤ ከተሳሳትኩ ይቀደዳል። ስንቱን ቀዷል፤ እኔም አዝኜለት አላውቅም።

ከዚያ ፊልም ሠሪዎቹ መጡ። ታናሹ ሌላ ቤት ተከራየ፣ ጸጉሩን አጎፈረ፣ ስደውልለት "ስብሰባ ላይ ነኝ" የምትል ቀጭን ድምፅ አወጣ። ፊልሙ ሳያሳየኝ አለቀ። ለምን ስለው፣ እማዬ ፊልም እኮ ይንቀሳቀሳል፣ ይናገራል፣ ማንም ይገባዋል፣ አንቺን ምን አደክምሻለሁ አለኝ። አደክምሻለሁ አለ። የፍራሽ መርፌ ይዤ ስንት ዘመን ያልደከምኩትን ሴትዮ።

ፊልሙ የተመረቀ ዕለት ከፊት አስቀመጡን። ታላቁ ሸሚዙን ራሱ ተኩሶ፣ ቁልፉን ራሱ ቆልፎ ነው የመጣው። እኔን ገና ሲጀምር ገደሉኝ፤ የወታደሩ እናት ልጇ እንዲናደድ ተብሎ ቤቷ ውስጥ ተቃጥላ ትሞታለች። እሱን ተውኩት፤ ሞቼ አላውቅም ነበር፣ ምን እንደሚመስል አየሁት። መጨረሻው ነው ያበገነኝ። ወታደሩ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ሸሚዙን ይቀድዳል፤ በገዛ እጁ ደረቱን ከፍቶ ማሽኑን ከነሽቦው ነቅሎ ገደል ይጨምረዋል። ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ቀጥ ይላል። እጁን ወደ ሰማይ ሲያነሳው ዓለት ሆኗል፣ ንቅንቅ የለ። አዳራሹ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። መጽሐፉ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ እዚያ ሰውየው ማሽኑን ይዞ ነው የሚያረጀው። ዞር ብዬ ታላቁን ሳየው አያጨበጭብም። እጁን እያገላበጠ ያያል።

በማግስቱ ጠዋት ማንኪያ ከሳህን ጋር ሲንኳኳ ሰማሁ። ያንን ድምፅ የረሳሁት መስሎኝ ነበር። ወጥ ቤት ስገባ ሸሚዙ ሾርባ በሾርባ ሆኗል፣ ኩባያው ወለል ላይ ደቅቋል። ማሽኑን አጥፍቶታል። ሪሞቱን አምጣ ስለው የለም አለ፤ ደብቆታል። ቤቱን አመስኩት፣ የገዛ እጄን ስፌት እየተረተርኩ ፍራሹን ሁሉ ገለበጥኩት፣ አጣሁት። እሱ ግን አውቶብስ እንደሚጠብቅ ሰው ዝም ብሎ ተቀምጦ ይንዘፈዘፋል። ቆይ እማዬ፣ ትንሽ ያንቀጠቅጣል፣ ከዚያ ይተዋል አለኝ።

"ማን አለህ?" አልኩት።

"ወንድሜ አሳየኝ።"

"ፊልም እኮ ነው፣ አንተ።"

"ቁልፉን አሳየኝ፣ ቆለፍኩ። ኩባያውን አሳየኝ፣ ያዝኩ። ወንድሜ የማይሆን ነገር አሳይቶኝ አያውቅም።"

ልጄ ጅል አይደለም። መኪና እንደማያነሳ ያውቃል፤ ያኔ ቀልድ ነው፣ አብረው ስቀውበታል። እዚህኛው ላይ ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረም። ፊልሙ ላይ ያለው ሰውዬ የእሱን ጠባሳ ለብሷል፣ እንደ እሱ አንገቱን ዘንበል ያደርጋል። ለሌላው ተመልካች ተረት ነው፤ ለእሱ ወንድሙ የለጠፈለት ካርቶን ነው።

እየዋለ እያደረ ሰውነቱ አለቀ። ላብላህ ስለው አፉን ግጥም ያደርጋል። ደረጃው ላይ ወድቆ ቅንድቡን ተፈነከተ። ደሙን ጠርጌለት ሳልጨርስ ነው፣ ብቻውን ሆስፒታል ሄዶ ማሽኑን አውጡልኝ ማለቱን የነገረኝ። እየሮጥኩ ሄድኩ። ነርሷ፣ እማማ ትልቅ ሰው ነው፣ መብቱ ነው፣ እኛም መክረነዋል አለችኝ። ሐኪሙ ደግሞ አንዴ ከወጣ መልሶ ማስገባቱ ሌላ ጣጣ እንደሆነ፣ ምናልባትም እንደማይሞከር ነገረኝ። ቀኑን ቆርጠውለታል፣ ሰኞ። ሐሳቡን ከቀየረ ግን እዚያው እንተወዋለን አሉ።

ታናሹ ጋ ደወልኩ። ስብሰባ ላይ ነው። ተነስቼ ሄድኩ።

መሥሪያ ቤታቸው መስታወት በመስታወት ነው፤ ሰው የሚገባበት የትኛው እንደሆነ አይለይም። ዘበኛው ማን ልበል አለኝ። የባለሽቦው ወታደር እናት በል አልኩት። "እሷማ ሞታለች" አለኝ፤ ለካ ፊልሙን አይቶታል። ተነስታለች በልልኝ ብዬው ገባሁ።

ሁለተኛውን ፊልም እየሠሩ ነው። ጠረጴዛው ሙሉ ሥዕል፣ ዳይሬክተሩ አንገቱ ላይ ሻርፕ፣ ልጄ በጎኑ። ዳይሬክተሩ ብድግ ብሎ፣ እናታችን ይቀመጡ አለኝ። አልቀመጥም አልኩት፤ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ማንኪያውን፣ ሪሞቱን፣ ቅንድቡን፣ ሰኞን። ታናሹ ፊቱ አመድ መሰለ። አልሰማሁም አለ። ስልክ ካልተነሳ እንዴት ይሰማል አልኩት።

ዳይሬክተሩ ሊያረጋጋኝ ፈለገ። ትዕይንቱ ምልክት ነው አለኝ፤ ማሽኑ ሰውን የሚጫነውን ኃይል ሁሉ ይወክላል፣ መነቀሉ ነፃነት ነው።

"ምልክትዎ ቤቴ ውስጥ ሾርባ እየደፋ ነው" አልኩት።

ፊልሙ መጀመሪያ ላይ ታሪኩ ፈጠራ ነው የሚል ጽሑፍ እናስገባለን አለ። ልጄ ያመነው ጽሑፍ አይደለም፣ ወንድሙን ነው አልኩት። ከዚያ በኋላ ሻርፑን ሲያስተካክል ቆየ።

ታናሹ ይሄን ጊዜ እርሳስ አንስቶ ንጹሕ ወረቀት ሳበ። አሁኑኑ እስልለታለሁ፣ ማሽኑን መልሶ ሲያበራው አሳየዋለሁ፣ ይዘሽለት ሂጂ አለኝ። ወረቀቱ ላይ መዳፌን ጫንኩበት።

"ሥዕልህ ነው እዚህ ያደረሰን። ሁለት ሥዕል ከተጋጨበት የሚያምርለትን ነው የሚይዘው። አፍህን ከፍተህ ንገረው።"

"ምን ልበለው?"

"ዋሸሁህ በለው። ሰው እንዲያጨበጭብልኝ ብዬ በአንተ ገላ ዋሸሁ በለው።"

እርሳሱን አስቀመጠ። ሲናገር ድምፁ የድሮው ድምፁ ነበር፣ ስብሰባ ላይ ያለው አልነበረም። "እማዬ፣ እንዲህ ካልኩት ከእንግዲህ አንድም ሥዕሌን አያምንም። ቁልፉንም፣ ኩባያውንም። እኔና እሱ ሌላ ምን አለን?"

አላሳዘነኝም አልልም። ግን ለዚህኛው ካዘንኩ ያኛው ሰኞ ጠረጴዛ ላይ ይጋደማል።

"አይመንህ" አልኩት። "ያብራውና ይብላ፤ ማመኑን በኋላ ራስህ ትለምነዋለህ። አሁን ተነስ፣ ጃኬትህን ልበስና ከፊት ከፊቴ ሂድ። ቤት ስትገባ ምልክት፣ ነፃነት፣ ምናምን እንዳትለው። ፊቱ ተቀምጠህ፣ ዓይኑን እያየህ፣ ዋሸሁህ በለው።"