ፋሲካን ያልጠበቁ ዶሮዎች

ዘቢደር የሞተውን ዶሮ በፌስታል ጠቅልላ ሳትጨርስ ሌላው ዶሮ ዐይኗ እያየ በጀርባው ተገለበጠ። ክንፉን አራግቦ ዝም አለ። ወፍራም፣ ጤነኛ የሚመስል ነጭ ዶሮ ነበር። እሷን ያበገናትም ይኸው ነው፤ ከስቶ ቢሞት እንኳ ምክንያት ይኖረው ነበር።

ጫጩቶቹን በእቁቧ ብር የገዛችው ለፋሲካ እንዲደርሱላት አስልታ ነው። የሰፈሯ የፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰው ጾም ሊፈታ ሲል ደጇን እንደሚያንኳኳ ታውቃለች። ያላሰበችው የልጇን አረንጓዴ ዱቄት ነው። በርናባስ የቢሮ ሥራውን ትቶ ጓሮ ባሉት ገንዳዎች አልጌ ያራባል። ከውኃው አጥልሎ ያደርቀውና ከመኖው ጋር ይደባልቀዋል። ዶሮዎቹ ወደዱለት፤ በሉ፣ ወፈሩ፣ ሁዳዴ ሳይጋመስ ለቢላ ደረሱ። በጾም ማን ይግዛቸው? ሆቴሎቹም ከፋሲካ በፊት አንፈልግም ብለዋታል።

ጠዋት የእንስሳት ሐኪሟ ሩሃማ መጥታ የአንዱን ሆድ ከፍታ ብታይ ውኃ ቋጥሯል። እንጦጦ ሥር አየሩ ስስ ነው፣ ብርዱም አለ፤ እንዲህ ተጣድፎ የሚያድግ ዶሮ ልቡ አይችልም አለች።

"መድኃኒቱስ?"

"መድኃኒት የለውም፣ እትዬ ዘቢደር። መኖውን ይቀንሱ፣ ዱቄቱን ይተዉት። የተረፈው ይተርፋል።"

ለበርናባስ ግን እንዴት ብላ ትንገረው? የሞቱትን እየደበቀች ስታስወጣ ሰንብታለች። ያ ልጅ ሥራ ከለቀቀ ወዲህ የሳቀው ዶሮዎቹ መክበድ ሲጀምሩ ነው።

ከሰዓት በኋላ አዲስ ዱቄት ይዞ መጣ። አንድ ባለሀብት ሥራውን ሊደግፍለት ፈልጎ፣ ዶሮዎቹ ሲበሉ የሚያሳይ ቪዲዮ ጠይቆታል።

"እማዬ፣ ኪሎ ጨመሩ አይደል?"

"ጨምረዋል" አለችው። ይህን እንኳ አልዋሸችም።

"በይ እንደ ወትሮው ስጫቸው፣ እኔ ልቅረጽ።"

ዶሮዎቹ እያለከለኩ፣ ክብደታቸውን እየጎተቱ እግሯ ሥር ተሰበሰቡ። አሳዘኗት። እሱንም ቀና ብላ አየችው፤ ስልኩን ደግኖ ፊቱ በርቷል። የዱቄቱን ከረጢት ፈታች።

ዱቄቱን በመኖው ላይ ነሰነሰችና በእጇ እያማሰለች፣ "እዚህ ጋ ይሻላል፣ ብርሃን አለው" አለችው።