የአምባዬ ጆሮ

መካኒኩ አምባዬ በመቱ የሚታወቀው በጆሮው ነበር። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ጅማ የቀረ አንድ ሽማግሌ ጣሊያን ሙያውን አስተምሮት፣ መቱ ገበያ አጠገብ የቆርቆሮ ጋራዥ ከፈተ። ሾፌሮች “አምባዬ ሞተር ሲያስነጥስ ሰምቶ በሽታውን ይነግርሃል” ይሉ ነበር። እሱም ይህን ሲሉለት ደስ ይለዋል።

አንድ መስከረም የእትዬ ሀረገወይን አሮጌ ጂፕ ቫልቭዋ ቀጭ ቀጭ እያለ መጣችለት። እትዬ ሀረገወይን የጎሬ ቡና ነጋዴ ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ንግዳቸው የቆመው በዚያች ጂፕና በሾፌራቸው በነመራ ነው። የሲሊንደሩን አየር የሚከፍትና የሚዘጋው ቫልቭ ሲሞቅ ስለሚረዝም ስስ ክፍተት ሊተውለት እንደሚገባ፣ ክፍተቱም በስስ ብረት እንደሚለካ አምባዬ አሳምሮ ያውቃል። ግን ሾፌሮች ከበውት ቆመው ነበርና መለኪያ ማውጣት አሳፈረው። ድምፁ ጭጭ እስኪል ድረስ በጆሮው ብቻ እየሰማ አጠበቀው።

“አሁን ትተነፍሳለች እንኳ አትሉም!” አለ። ሾፌሮቹም አደነቁት።

ቡና በሚለቀምበት በኅዳር ጂፕዋ የጎሬን ዳገት አልወጣም አለች። ነመራ ወደ መቱ መልሶ አወረዳት።

“ጋሼ፣ ባዶዋን እንኳ ታቃስታለች” አለው።

“ኮምፕሬሽን ይሆናል። የታመቀ አየር የሚያፈስ ሲሊንደር አለ። ና፣ ማኖቬላውን ያዝና ሞተሩን አዙር።”

አምባዬ እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች ሁሉ ፈታና በየተራ በአንዱ ሲሊንደር ላይ ብቻ መልሶ እየገጠመ ነመራን በእጅ አስዞረው። በአንደኛው ማኖቬላው ከነመራ ክንድ ጋር ታገለ። በሁለተኛውም፣ በአራተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛው ግን ባዶ ነገር እንደሚዞር ቀለል ብሎ ዞረ።

በሦስተኛው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት አፍስሶ ካንዴላውን መለሰበት። የፒስተኑን ዙሪያ የሚይዘው ቀለበት፣ ፋሻው፣ አልቆ ከሆነ ዘይቱ ክፍተቱን ይደፍንለትና ማኖቬላው ይከብዳል።

“አሁንስ?”

“አልከበደም፣ ጋሼ።”

አምባዬ በርከክ ብሎ ጆሮውን ጭስ ማውጫው ላይ ደቀነ። ነመራ ሲያዞር ከውስጥ ስስ ትንፋሽ “እስስ” አለ። ቫልቩ ነው። ክፍተት ስላልተተወለት አልዘጋ እያለ እሳቱ ጠርዙን በልቶታል። ያጠበቀው እጅ የማን እንደሆነ ለማስታወስ ጊዜ አልወሰደበትም።

ሊናገር ነበር። ግን ቀና ሲል ከጎሬ የመጡት እትዬ ሀረገወይን ነጠላቸውን አጣፍተው በር ላይ ቆመዋል፤ ከኋላቸው እነዚያው ሾፌሮች።

“ምን አገኘሃት?” አሉት።

አፉ ቀደመው። “ያለ ዘይት ተነድታ ተቃጥላለች፣ እትዬ።”

ነመራ ማኖቬላውን እንደያዘ ቀረ። “ዘይቱን ጠዋት ጠዋት አያለሁ እኮ…” ብሎ ወደ አምባዬ ተመለከተ። አምባዬ መፍቻ የሚፈልግ መስሎ አጎነበሰ። እትዬ ሀረገወይን እጃቸውን ዘረጉ፤ ነመራ ቁልፉን ሰጣቸው። “ዋቃቱ ቤካ፤ እግዜር ያውቃል” አለና ወጣ።

አምባዬ የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ ፈትቶ ቫልቩን ሞረደ፤ ክፍተቱን በዚህ ጊዜ ማንም ሳያየው ለካ። ጂፕዋ ዳገቱን ወጣች። ነመራን ግን ከመቱ እስከ ጎሬ “ሞተር አቃጣይ” ስላሉት የሚቀጥረው ጠፋ፤ ሚስቱን ይዞ ወደ ያዮ ሄደ። አምባዬ የገና በዓል ሲያልፍ እነግራለሁ አለ፤ ከዚያ ፋሲካ ሲያልፍ አለ። ነገሩ እንቅልፍ ሲነሳው፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ጎሬ ወጣና ለእትዬ ሀረገወይን ሁሉንም ነገራቸው።

“ቁልፉን የተቀበልኩት በአንተ ቃል ነው” አሉት እትዬ። “በል ሂድና ነመራን አምጣልኝ።”

ያዮ ሲደርስ ነመራ ከሚስቱ ከዋሪቱ ጋር የቡና ችግኝ ይተክል ነበር። እጁን ጠራርጎ እንደ ድሮው ጎንበስ ብሎ ሰላም አለው። አምባዬ ቆሞ እንዳለ ጥፋቱን ተናገረ።

“አውቄው ነበር” አለ ነመራ። “ማኖቬላውን ያዞርኩት እኔ አይደለሁ? ዘይት ቢያጥር የሚያልቀው ፋሻው ነው፤ እሱ አለመሆኑን እጄ ነግሮኛል። ጋሼ አሁን ይናገራሉ ብዬ ጠበቅኩዎት።”

“ለምን አልተናገርክም ታዲያ?”

“በእርስዎ ጆሮ ላይ የኔን እጅ ማን ያምናል?” መሬቱን በእግሩ ነካ ነካ አደረገ። “አባቴ መንጃ ፈቃድ ያወጣልኝ በሬውን ሸጦ ነው። ‘ልጅህ የሰው መኪና አቃጠለ’ ብለው ነገሩት። ሚያዝያ ላይ ሞተ። ከዚያ በፊት መጥተው ቢሆን ለእሱ ይነግሩልኝ ነበር።”

አምባዬ ግንድ ላይ ተቀመጠ። “ይቅር በለኝ፣ ነመራ። እትዬ ቁልፉ ይጠብቅሃል ብለዋል።”

“ይቅር ብዬዎታለሁ። ቁልፉን ግን ለሌላ ይስጡት። መሪ ስይዝ የማየው አባቴን ነው።”

ዋሪቱ ማርና ቂጣ አቀረበች፤ አምባዬ አንዴ ቆርሶ መልሶ አስቀመጠው። ነመራ እስከ መኪና መንገዱ ሸኘው።

መቱ እንደተመለሰ ሾፌሮቹን ሰብስቦ ነገሩን አንድም ሳያስቀር ነገራቸው። ገሚሱ ሳቀ፤ አንድ ሁለቱ ተቆጥተው ወጡ። በከተማው ሌላ መካኒክ ስላልነበረ በሳምንቱ መኪናቸውን ይዘው ተመለሱ። ሳይመለስ የቀረው ነመራ ብቻ ነበር።