እግሯ የሚያውቀው መንገድ

ሶሲ ተኝታ መሄድ የጀመረችው በዘጠኝ ዓመቷ ነው። ዓይኗ እንደተገለጠ ከመኝታዋ ትነሳለች፤ የበሩን መወርወሪያ ትከፍታለች፤ የበቆሎውን ማሳ ቀጥ ብላ አቋርጣ ዋርካው ድረስ ትወርድና ተመልሳ ትተኛለች። ሲነጋ የምታስታውሰው ነገር የለም።

እናቷ ክብረት ከሁምቦ ኦቶና ሆስፒታል ድረስ ወስዳ አስመርምራታለች። ሐኪሙ፣ «መቀስቀስ አይጎዳትም፤ ትንሽ ትደናገር ይሆናል እንጂ። የሚጎዳት መውደቅ ነው» አላት።

የክብረት አማት ወይዘሮ አስካለች ይህን ሲሰሙ ሳቁ።

«ትምህርት ተማረ እንጂ ልጅ አልወለደም። ተኝቶ የሚሄድ ሰው በስሙ ከተጠራ ነፍሱ ደጅ ትቀራለች። ደግሞ አትወድቅም። እግሯ መንገዱን ያውቀዋል።»

በቤቱ የሚሰማው የእሳቸው ቃል ነበር። ልጅቷ በወጣች ቁጥር ሁለቱ ሴቶች ድምፅ ሳያሰሙ ይከተሏታል።

በበጋው ሶሲ ሦስት ወር ሙሉ ሌሊት ተነስታ አልሄደችም። አባቷ ይስሐቅ በዚያው ሰሞን ከማሳው ግርጌ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ቆፍሮ ፕላስቲክ አነጠፈበት። በልግ ሲገባ እስከ አፉ ሞላ። የጉድጓዱን አጥር ከቢጠና ከተማ ስመለስ እሠራዋለሁ ብሎ ሄደ።

በሄደ በሁለተኛው ቀን፣ ገና እራት ተበልቶ ዕቃው ሳይነሳ፣ መወርወሪያው ተንቋቋ።

ወይዘሮ አስካለች ባትሪ ይዘው ተከተሉ። ክብረት ከጎናቸው ነበረች። ሶሲ በበቆሎው መሃል እንደ ድሮው ቀጥ ብላ ወረደች። ከፊቷ ውሃው አብረቀረቀ።

«ዞራ ታልፋለች» አሉ አማቷ በሹክሹክታ። «ቀን ቀን ትዞረው የለም?»

«ቀን ነቅታ ነዋ፣ እማማ። እግሯ የሚያውቀው የድሮውን መንገድ ነው።»

አሮጊቷ ክንዷን ጨምድደው ያዙ።

«አትጥሪያት። እኔ ደግፌን አልጠራሁትም። ገደሉ አፍ ድረስ ከኋላው ነበርኩ፤ አልጠራሁትም።»

የባሏ ታላቅ ወንድም ደግፌ በልጅነቱ ከቤቱ ጀርባ ያለው ገደል ገብቶ እንደሞተ ክብረት ታውቃለች። ማን ከኋላው እንደነበር ግን ነግሯት የሚያውቅ የለም።

ክንዷን መንጭቃ ሮጠች።

«ሶሲ!»

ልጅቷ ቆመች። አንድ እግሯ ፕላስቲኩ ላይ አዳለጣት፤ ክብረት ቀሚሷን ይዛ ወደ ኋላ ጎተተቻት። ሶሲ ተወራጨች፤ እናቷን ነከሰቻት። ከዚያ ተረጋጋች።

«እማ፣ ለምን አወጣሽኝ? በረደኝ።»

ወይዘሮ አስካለች ባትሪውን ፊቷ ላይ አበሩ።

«ስምሽ ማነው?»

«ሶሲ።»

«እኔስ?»

«አያቴ።»

«ስምሽ ማነው?»

«ነገርኩሽ እኮ! አያቴ፣ አንቺም ተኝተሽ ነው እንዴ የምትሄጂው?»

ሶሲ ሳቀች። አሮጊቷ ልጅቷን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። ምንም አልሆነችም። ባትሪውን አጠፉ።

ክብረት ልጇን አዝላ ገባች፤ አስተኛቻትና መወርወሪያውን በገመድ ጠፍራ አሰረችው። አማቷ ከኋላዋ የገቡ መስሏት ነበር። ዞር ስትል መኝታቸው ባዶ ነው።

ከደጅ የሰው ድምፅ ተሰማት። የተኛ ልጅ የሚቀሰቅስ ሰው ድምፅ፣ ቀስ ያለ።

«ደግፌ። ደግፌ፣ ተነስ ልጄ።»

ድምፁ በገደሉ በኩል ነው፤ ይርቃል። ክብረት ቋጠሮውን ለመፍታት ታገለች። አጥብቃ ነበር ያሰረችው።