በአንድ ቅዳሜ የተሠራው የጸሎት ገጽ

ኮከብ የሰው ሥራ አይታ ሳትንቅ አትመለስም። ስምንት ዓመት የኮምፒውተር ኮድ ጽፋለች፤ ከሷ በቀር ኮድ የሚጽፍ ያለም አይመስላትም። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያናቸው ወጣት ዮኤል ላፕቶፑን ታቅፎ መጥቶ «ቅዳሜ ጠዋት ጀምሬ ከሰዓት ጨረስኩት» ሲላት ሽሙጧን ለመደበቅ እንኳ አልደከመችም።

ኮልፌ ባለችው ቤተ ክርስቲያናቸው የጸሎት ጥያቄ የሚቀርበው በወረቀት ነው። ተጽፎ፣ አራት ታጥፎ ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ስም አይጻፍበትም። ሳጥኑን የሚከፍቱት ሦስት እናቶች ናቸው፤ ከጸለዩበት በኋላ ወረቀቱን ያቃጥሉታል። ዮኤል ይሄን በድረ ገጽ ላዘምን ብሎ ተነሳ። ፍሬምወርክ የሚሉት ዝግጁ የድረ ገጽ መሥሪያ ደግሞ ለሱ ዓይነቱ ጥድፊያ የተመቸ ነው። አንዲት ትእዛዝ ሲጽፍ መመዝገቢያው፣ መጻፊያው፣ ዝርዝሩ፣ ሁሉም ተሠርቶ ይመጣለታል። እሱ የጨመረው ቢኖር ቀለምና የርግብ ሥዕል ነው።

ረቡዕ ዕለት በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ኮከብ ገጹን በስልኳ ከፈተችው። ስሟን አስመዘገበች፣ «ሙከራ» ብላ ጻፈች፣ «ላክ» የሚለውን ነካች። የሷም የዮኤልም ጽሑፍ ከነስማቸው ፊቷ ተዘረገፈ። ፍሬምወርኩ ሰው ጽፎ ሲልክ የሁሉም ጽሑፍ ወዳለበት ዝርዝር ይወስደዋል፤ ያንን መዝጋት የሠሪው ፋንታ ነው። ዮኤል አልዘጋውም። ብቻውን ሲሞክር የራሱን ጽሑፍ ብቻ ስላየ ትክክል መስሎታል። እሁድ ምእመኑ ሲጽፍበት ግን የሰው ገመና ሁሉ አደባባይ ሊወጣ ነው።

«እህት ኮከብ፣ እንዴት አየሽው?»

ለመንገር ሁለት ደቂቃ ይበቃት ነበር። ግን መጋቢ ፍቅሬ «በአንድ ቀን እኮ ነው የሠራው!» እያሉ የልጁን ትከሻ መታ መታ ሲያደርጉ ስታይ አንጀቷ እርር አለ። ይሄ ሠሪ ከተባለ እኔ ምን ልባል ነው? እሁድ በሰው ፊት ይዋረድ፣ ያኔ ይማራል።

«ምንም አይልም» አለችው።

እሁድ መጋቢ ፍቅሬ ምእመኑን ስልክ አስወጡ። «የልባችሁን ጻፉ። ከጸሎት ቡድኑ በቀር ማንም አያየውም» አሉ። ዮኤል ላፕቶፑን ከትልቁ ስክሪን ጋር አገናኝቶ ለማሳያ የራሱን ጥያቄ መጻፍ ጀመረ። ኮከብ እግሯን አነባብራ ውርደቱን ትጠብቃለች። ሰው የሚጽፈው ስለ ሥራና ስለ ጉንፋን ነው ብላ ገምታ ነበር፤ ሰዉንም እንደ ኮዱ ንቃው ነበር።

ከጎኗ የተቀመጠችው ምህረት ግን አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች። ምህረት የልብ ጓደኛዋ ናት። አየር ጤና የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች፤ ባሏ ያደሳ መድረኩ ላይ የመዝሙር ኪቦርድ ይጫወታል። እየጻፈች እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። ኮከብ ደነገጠች። «ቆይ» ልትላት እጇን ዘረጋች፤ ወዲያው ዮኤል መድረኩ ላይ ደረቱን ነፍቶ ሲስቅ አየችው። እጇን ሰበሰበች። ምህረት ላከች።

ዮኤልም ላከ። ዝርዝሩ ስክሪኑን ሞላው። ከሱ ጥያቄ ሥር እንዲህ ይላል፦ «ምህረት ደሜ። ከማግባቴ በፊት የወለድኳት ልጄ ወሊሶ እናቴ ጋ ናት። ዘንድሮ ሰባት ዓመቷ ነው። ለያደሳ የምነግርበት ድፍረት እንዲሰጠኝ ጸልዩልኝ።»

ያደሳ ጀርባውን ለስክሪኑ ሰጥቶ ስለነበር ኪቦርዱን ጥቂት ቀጠለ። ሰው ሁሉ እሱን እሱን ሲያየው ጊዜ ዞረ፣ አነበበ። ከዚያ ተነስቶ በጎን በር ወጣ።

ዮኤል ገመዱን ነቀለ። ፊቱ አመድ መስሏል። «እኔ አላወቅኩም! እህት ኮከብን አሳይቻታለሁ፤ ምንም አይልም ብላኛለች!» አለ እያለቀሰ።

ምህረት ወደ ኮከብ ዞረች።

«አውቀሽ ነበር?»

ኮከብ መዋሸት አልቻለችም። «እሱ እንዲያፍር ነው የፈለግኩት» አለች።

«ስጽፍ እኮ አጠገቤ ነበርሽ» አለች ምህረት፤ ቦርሳዋን አንስታ ባሏን ፍለጋ ወጣች።