ጌማቸው የወጣ ካሴቶች

ዘይቱና ባሏ አብዶ ይሁን ሌላ አግብቶ መለየት አቅቷት ሦስተኛ ሳምንቷን ያዘች። ቢያብድ ዱዓ ታስደርግለት ነበር። ቢያገባም ሴትዮዋን ፈልጋ ታገኛት ነበር፤ ለዚያስ አትሰንፍም። ያስቸገራት ነገሩ ወደ የትኛውም አለመጠጋቱ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንጀምር። ባሏ ዓሊዩ ጫት ነጋዴ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን መሰላ ይሄዳል፣ አንዳንዴም ቦርደዴ ይደርሳል፣ ሥራውን ጨርሶ ጭሮ ከተማ ያለው ቤቱ ይገባል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከመንገድ ሲመለስ ወይ ሙዝ ወይ ብርቱካን አንጠልጥሎ ነው። አሁን ግን ይዞ የሚመጣው ካሴት ሆነ። የዘፈን ወይም የመንዙማ ቢሆን ማን ይጠይቀው ነበር! የጌም ካሴት ነው፤ ድሮ ልጆች ቲቪ ጌም ላይ እየሰኩ የሚጫወቱበት፣ መዳፍ የሚያክል ቢጫና ጥቁር ፕላስቲክ። ከመሰላ ሰባት አመጣ። ከቦርደዴ አራት። ቤታቸው ውስጥ ደግሞ ጌም የሚጫወት ነፍስ የለም። አንዲት ልጃቸው ሳጂዳ አግብታ ከወጣች ቆይታለች።

"ምንድን ነው ይሄ?" ስትለው፣

"ሥራ ነው" ይላታል። ሌላ ቃል የለም።

በማግሥቱ ካሴቶቹ ይጠፋሉ። ከዚያ ኮቱን ለማጠብ ስታነሳ ባዶ ቀፏቸውን ኪሱ ውስጥ ታገኛለች፤ ብሎኑ ተፈቷል፣ ሆዱ ተዘርግፏል። ሰውየው ሀምሳ ዓመት አልፎታል። ሲያረጁ አምባር ይዋጁ እንዳትል፣ የሚጫወትበትም መሣሪያ የለው። ለሳጂዳ ደውላ ልትነግራት አሰበችና ሆድ ይፍጀው ብላ ተወችው።

ጎረቤቷ ኩብራ ግን ሆድ ይፍጀው የሚባል ነገር አታውቅም።

"ወላሂ ክታብ ነው!" አለቻት፣ አንዱን ባዶ ቀፎ ገልብጣ እያየች። "ሆዱን አውጥተው ጽሑፍ ይከቱበታል። ቆዳ ተወደደ፣ በፕላስቲክ ጀመሩ!"

"ማል ጄታ፣ ምን ማለትሽ ነው! ዓሊዩ እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም።"

"ባያውቅ ነዋ ህሩይ ጋ የሚሄደው። ከዐስር ሶላት በኋላ በየቀኑ ይገባል፣ መጋረጃው ይዘጋል። በዓይኔ አይቻለሁ።"

"ህሩይ ቴሌቪዥን ጠጋኝ አይደለም እንዴ?"

"አያቱ ደብተራ ነበሩ ይላሉ" አለች ኩብራ። ማን እንዳለ ግን አልተናገረችም።

ዘይቱና አላመነችም። አላመነችም እንጂ የዚያን ቀን ዐስርን እንደሰገደች ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ባጃጅ ያዘች። እውነቱን ለመናገር ክታቡ አልነበረም ያስፈራት። ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ትራስ የተጋራችው ሰው አንድ ነገር እየሸሸጋት ነው፤ ያንን ነገር ካላወቀች እንቅልፍ እንደማይወስዳት ታውቀው ነበር።

ህሩይ ድሮ ጌም ቤት የነበረው ሰው ነው። ስልክ ሲመጣ ልጆቹ ትተውት ሄዱ፤ እሱም ወደ ጥገና ዞረ። ስትገባ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ የተከፈተ ካሴት ይበይዳል። ሲያያት መበየጃው ከእጁ ሊወድቅ ነበር።

"እትዬ ዘይቱና..."

ከመጋረጃው ጀርባ የወንድ ድምፅ ይሰማል። ቀስ ያለ፣ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ነው። "ጠ... ጡ... ጢ... ጣ..." ይላል። የባሏ ድምፅ ነው። "ያ ረቢ! ኩብራ እውነቷን ነው" አለች በልቧ። መጋረጃውን በአንድ እጇ ገለጠችው።

ዓሊዩ እንደ ተማሪ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ አሮጌ ቴሌቪዥን አለ፣ ጉልበቱ ላይ እንደ ጽሕፈት መኪና ብዙ ቁልፍ ያለው ነገር፣ እሱ ላይ ደግሞ ቀፎው የወለቀ የካሴት ሆድ ተሰክቷል። ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ትልቅ ፊደል ቆሟል። ማንበብ አትችልም እንጂ ፊደል መሆኑን ታውቃለች፤ ሳጂዳ ተማሪ ሳለች ግድግዳ ላይ የለጠፈችው ገበታ ላይ እንዲህ ያለ ነበር።

"የሳጂዳ አባት! ማን ላይ ነው የምታስደግመው?"

ዓሊዩ አቀረቀረ። የመለሰላት ህሩይ ነው።

"ይቀመጡ እትዬ። ድግምት አይደለም። ይቺ የድሮ የቲቪ ኮምፒውተር ነች፤ ጌም ቤት ሳለሁ ያመጣኋት። አብሯት የመጣው ካሴት የሚያስተምረው እንግሊዝኛ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ የጌም ካሴት እከፍትና ጌሙ ያለበትን ቺፕ ነቅዬ፣ የኛን ፊደል የጫንኩበትን እበይድበታለሁ፤ ቀፎው ስለማያስፈልገኝ ለጋሽ ዓሊዩ እመልስላቸዋለሁ። አንዱ ካሴት ሦስት ቤት ፊደል ነው የሚይዘው፤ ለሠላሳ ሦስቱ አሥራ አንድ ያስፈልጋል። የቅርብ ጊዜዎቹ ደግሞ አይሆኑም፣ ቺፓቸው በጥቁር ሙጫ የተደፈነ ነው። ለዚህ ነው ጋሽ ዓሊዩ በየከተማው የድሮውን የሚለቅሙት። ስልክ ላይ ልጫንልዎት ብላቸው ሰው ያይብኛል አሉ።"

"ለማን ነው ታዲያ ፊደሉ?"

ህሩይ ወደ ዓሊዩ አየ።

"ለኔ" አለ ዓሊዩ።

ዘይቱና ሳቀች። "አንተማ ታነባለህ!"

ማንም አብሯት አልሳቀም። ቆም ብላ ስታስበው ባሏ ጋዜጣ ብብቱ ሥር እንጂ ዓይኑ ሥር ይዞ አይታው አታውቅም። የሐኪም ወረቀት ሲመጣ "ዓይኔን ደከመኝ፣ ሳጂዳ ታንብበው" ይል ነበር። እሱ ራሱ ሲያነብላት የሰማችው በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የትኛውን እንደሆነ ስታስታውስ ሳቋ አፏ ላይ ደረቀ።

"የሳቢት ደብዳቤስ?" አለች።

ሳቢት ወንድሟ ነው። በተጋቡ በወሩ ከሱ አንድ ደብዳቤ በመንገደኛ እጅ መጣላት፣ ዓሊዩም አነበበላት። ቃል በቃል ታውቀዋለች። አሰላሙ ዐለይኩም እህቴ፣ ደኅና ነኝ፣ ጅቡቲ ሥራ አግኝቼ ልሻገር ነው፣ አታስቢ። ከዚያ በኋላ ሳቢት አልጻፈም፣ አልመጣም። መጀመሪያ ጠበቀችው፣ ኋላ አኮረፈችው። ሰው ስለሱ ሲጠይቃት "ጅቡቲ ገብቶ ረሳኝ" እያለች ይኸው ዘመኗ አለፈ።

"ያኔ ሙሽራ ነበርሽ" አለ ዓሊዩ፣ ዓይኑን ሳያነሳ። "በዓይንሽ ትልቅ ሰው ነበርኩ። አላውቅም ማለት አቃተኝ። ሳቢት ጅቡቲ ሊሻገር ነው ብሎ ሰው ሲያወራ ሰምቼ ነበር፤ እሱኑ አነበብኩልሽ።"

"ኋላስ ለሰው አታስነብበውም ነበር?"

"ሌላ ነገር ቢልስ? አንድ ዓመት ሲያልፍ ፈራሁ፣ አምስት ዓመት ሲያልፍ ባሰ። ባለፈው ኢድ ሳጂዳ የአጎቴን ደብዳቤ አሳዪኝ ስትልሽ ግን ደሜ ቆመ። በሚቀጥለው ስትመጣ ማንበቧ አይቀርም። ከልጄ አፍ ከምትሰሚው ከኔው አፍ ስሚው ብዬ ነው ዘይቱ።"

ልትሰድበው አፏን ከፈተች። የቱን ስድብ እንደምታስቀድም ጠፋት። የነጋዴ ሽማግሌ በርጩማ ላይ ተኮራምቶ ጠ ጡ ሲል ማየትም አንጀቷን በላው፤ በዚያውም ላንቀው አለች። አንድ ሰው እንዴት ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይመኛል?

"ተነስ" አለችው።

በባጃጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ቤት ደረሱ። ከሳጥኗ ሥር ወረቀቱን አውጥታ ጭኑ ላይ አኖረችለት።

"ዘጠኝ ካሴት ብቻ ነው የጨረስኩት" አለ። "ሁለት ይቀረኛል።"

"ያወቅከውን አንብብ።"

ዓሊዩ ጣቱን በመጀመሪያው ፊደል ላይ አሳረፈ። እያንዳንዱን ለብቻ ይጠራዋል፣ ከዚያ ይሰበስበዋል፣ ከዚያ ቀና ብሎ ያያታል። "ለ... እ... ህ... ቴ። ለእህቴ። ለ... ዘ... ይ... ቱ... ና።" ሰላምታው ይመጣል ብላ ጠበቀች። ሰላምታ የሚባል አልነበረም። "ድሬ... ዳዋ። ታ... ም... ሜ። ተኝ... ቻ... ለሁ።"

"ጅቡቲ አይልም?" አለች።

"አይልም።"

ድሬዳዋ! ጠዋት ከጭሮ የተሳፈረ ሰው ከሰዓት ይደርሳል። ዘይቱና ግድግዳውን ተደገፈች። ዓሊዩ ወደ መጨረሻው መስመር ወረደ፤ አጭር ነው፣ አራት ፊደል ብቻ። ጣቱን አሳርፎበት መጀመሪያ በልቡ አነበበው።

"ምን ይላል?"

"ቶሎ ነይ።"

 ዘይቱና አጠገቡ መጥታ ቁጭ አለች፤ ስትናገር ድምፅዋ የልመና ነበር። "አዲስ ነህኮ አንተ። ፊደል ከያዝክ ገና ሦስት ሳምንትህ። ተሳስተህ ይሆናል፤ እስቲ ከላይ ጀምረህ ድገመው።"

ዓሊዩ ተሳስቼ በሆነ ብሎ ከልቡ ተመኘ። ጣቱን መልሶ በመጀመሪያው ፊደል ላይ አኖረና ከበፊቱም ቀስ እያለ፣ አንዱንም ሳይዘል ወረደ። ዘይቱና የማታውቃቸውን ፊደሎች አብራው ትከተላለች። መጨረሻው መስመር ላይ ሲደርሱ እጁን ያዘችው፣ እሱም አነበበው።

"ቶ። ሎ። ነ። ይ።"